ከጋሼ ጣዲቻ የተዋስኩት ቦርድ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለተወጋው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ነው። አለመርሳትን ሰው ይለምደዋል። የማይለመደው የወጋሽ ሰው ጭራሽ ረስቶት መንገድ ላይ ሲያገኝሽ «አንቺ የእህት ዘርፈሽ ልጅ! እናትሽ ደህና ናት? እንጸልይላታለን እኮ» ሲልሽ ነው። ጋሼ ጣዲቻ ስምንት ዓመት እንዲህ ሲለኝ ኖረ። እኔም ስምንት ዓመት «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ስሜ ሄራን ነው። ነገሌ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሰፈሬ ልጆች ሀዋሳ ሄደው ሙያ የተማሩት እንጀራ ፍለጋ ነው። እኔ የሄድኩት አንድ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ለማስነሳት ነው፤ እንጀራው በጎን የመጣ ነው።

በ1996 ዓ.ም. እናቴ ዘርፈሽ እዚሁ ነገሌ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ነርስ ነበረች፤ የክትባቱ ማቀዝቀዣ በእሷ ኃላፊነት ሥር ነው። ጋሼ ጣዲቻ ሥራ አስኪያጇ ነበር። የኩፍኝ ዘመቻ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው ክትባቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ያን ሰሞን የከተማው መብራት በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ብቅ ይል ስለነበር ማቀዝቀዣውን የያዘው የክሊኒኩ ጄኔሬተር ነው። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ጣዲቻ ጄኔሬተሩን ፒክአፕ ላይ አስጭኖ ወደ ወደራ ከተማ ላከው። የታናሽ ወንድሙ ሠርግ ነበርና የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ኃይል ያስፈልገው ነበር።

እናቴ ረቡዕ ደብዳቤ ጻፈች። ሐሙስ ደገመች። አርብ ጠዋት ጣዲቻ ራሱ ወደ ሠርጉ ሊሄድ መኪና ሲሳፈር ሦስተኛውን ይዛ ሮጠች። ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ አስደግፎ ከግርጌው በእጁ አንድ ነገር ጻፈበት፤ መልሶ ሰጣትና ሄደ። እሷም መብራት በመጣባት አንድ ሰዓት ውስጥ ወረቀቱን በስካነር አንስታ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀመጠች፤ ዋናውን ከፋይል አያያዘች። እናቴ እንዲህ ናት፤ ወረቀት የሌለው ነገር አልተደረገም ብላ የምታምን ሰው ናት።

ከሰዓት በኋላ መብራቱ ጭራሽ ጠፋ። ጄኔሬተሩ የተመለሰው ማክሰኞ ነው። ክትባቱ እስከዚያ ሞቆ ተበላሽቶ ነበርና እናቴ እንደ ደንቡ ሁሉንም ጣለችው። ዘመቻው ቀረ። በወሩ ኩፍኝ ገብቶ ከሰፈራችን ሦስት ልጆች ወሰደ። አንዱ የጎረቤታችን የእትዬ ፎዚያ ልጅ ኢብሮ ነው፤ ሦስት ዓመቱ ነበር። እትዬ ፎዚያ ከክሊኒኩ ማዶ ባላት ሱቅ ለስላሳ ትሸጥ ነበር፤ መብራት ኖረም አልኖረም በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነገር የሚገኘው እሷ ዘንድ ነው። ኢብሮ የጠርሙስ ቆርኪ እየለቀመ እኛ ደጃፍ ላይ ይደረድር ነበር። ከሞተ በኋላም እናቴ ቆርኪዎቹን ጠርጋ ለመጣል እጇ እምቢ አላት።

አጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ጋሼ ጣዲቻ «ጄኔሬተሩ ለጥገና ነው የወጣው። ማቀዝቀዣው ችግር ላይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም» አለ። ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። እናቴ «ኮምፒውተሬ ላይ አለ» አለች። ኮምፒውተሩን ግን ጄኔሬተሩ በተመለሰ ማግስት የከተማው መብራት በኃይል መጥቶ አቃጥሎት ነበር። ጋሼ ጣዲቻ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ሳቀና «በይ ውሰጂው፣ ማስረጃሽ አይደል?» ብሎ አሸከማት። ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ የሞተ ኮምፒውተር ታቅፋ፣ ገመዱ ከኋላዋ መሬት እየጎተተ፣ በከተማው መሃል ስትመጣ አየኋት። እትዬ ፎዚያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ምራቋን እንትፍ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን «አካም» ብላ ሰላም ብላት አታውቅም።

እናቴ ከሥራ ተባረረች፣ ከመዘምራንም በራሷ ወጣች። ዳንቴል እየሠራች መሸጥ ጀመረች። ኮምፒውተሩን ሳሎን ጥግ አስቀምጣ ከሠራችው ሁሉ ያማረውን ዳንቴል አለበሰችው። «እናስጠግነው» ባልኳት ቁጥር «ለጌታ ሰጥቼዋለሁ፣ ተዪው ልጄ» ትለኛለች። እኔ ለጌታ የሰጠሁት ነገር አልነበረም።

ከሀዋሳ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ዳንቴሉን መግለጥ ነው። የተቃጠለው ዲስኩ ሳይሆን ከሥሩ በብሎን የታሰረው ቦርድ ነበር። ጽሑፉና ሥዕሉ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ ነው፤ ቦርዱ ኃይል ሰጥቶ የሚያዘው ክፍል ነው። ሌላ ቦርድ ቢገጠምለት ይነሳል፤ ሌላው ግን መንትያው መሆን አለበት። ሞዴሉ፣ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ወር ሳይቀር አንድ ካልሆነ አይሆንም። ሀዋሳን ፈለግሁ። ሻኪሶ ወርጄ ወርቅ ነጋዴዎች የጣሉትን አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉ ፈታሁ። መርካቶም ሦስት ቀን ዞርኩ። ጠፋ።

አምና ጋሼ ጣዲቻ «ቫይረስ ገባበት» ብሎ ቤቱ አስጠራኝ። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያው ሞዴል፣ ያው ወር፤ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ በአንድ ይበልጣል። ለካ ድርጅቱ ሁለቱን በአንድ ቀን ገዝቶ አንዱን ለማቀዝቀዣው ክፍል፣ አንዱን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቶ ኖሯል። ድርጅቱ ሲዘጋ ጣዲቻ የራሱን ይዞት ቀረ። ያኔውኑ ቦርዱን ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤ መውጣት እችል ነበር። አልፈለግሁም። በገዛ እጁ፣ ሰው እያየ እንዲሰጠኝ ፈለግሁ። እናቴንስ ያሸከማት ሰው እያየ አይደል?

ጣዲቻ ዛሬ የሰፈር ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር ወንበር ይደረደራል። ድንበር የተገፋ፣ ከሚስቱ የተጣላ፣ እርዳታ የፈለገ ሁሉ እዚያ ይመጣል። እኔም አንድ ቅዳሜ ሻርፔን አስተካክዬ ሄድኩ።

«አካም ቡልታኒ? ናጋ?» ብዬ ለሁሉም እጅ ነሳሁ። «ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት።» ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንተም ይበዛበታል። «የቤተሰባችን ነገር ያለበት አንድ ዲስክ ቦርዱ ተቃጥሎብኝ አገር ምድሩን ፈልጌ አጣሁ። እርስዎ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ልኩ ነው። ያውሱኝና በሚመጣው ቅዳሜ እዚሁ እመልሳለሁ።»

«ሳምንት ሙሉ?» አለ። «የቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ እኮ በእሱ ነው የሚጻፈው።» ከዚያ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። «ለመሆኑ ዲስኩ ላይ ምን አለ?»

ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ደረቀ። ያዳኑኝ ኦቦ ገልገሎ ናቸው። ኦቦ ገልገሎ ማንበብ የማያውቁ፣ ሕጉ ግን በቃላቸው የሆነ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ግራር ሥር ከተቀመጠው ሁሉ ከብታቸው ትንሽ ነው፤ ሲናገሩ ግን ሁሉም ዝም ይላል።

«ጣዲቻ፣ ይሄ እኮ ዳባሬ ነው» አሉ በትራቸውን መሬት ላይ ቸከል አድርገው።

ዳባሬ ማለት እንዲህ ነው። ከብቱ ያለቀበት ዘመድ ሲመጣ፣ ያለው ሰው የምትታለብ ላም ያውሰዋል። ላሟ የባለቤቷ ናት፤ አንድ ቀን ትመለሳለች። ወተቱ ግን የተዋሰው ነው።

«ዳባሬ የሚሰጥ ሰው ወተቱን ማን ይጠጣዋል ብሎ ይጠይቃል?» አሉ ኦቦ ገልገሎ። «እርጎ ታደርጊዋለሽ ወይስ ቅቤ ይላል? ነውር ነው! ይሰጣል፣ ወይም አይሰጥም። ይቺ ኢንታላ፣ ይቺ ልጅ፣ ላሟ ሞተች፤ አንተ ላም አለህ። በቃ።»

ሰው ሳቀ። ጣዲቻም ሳቀ፤ በሰው ፊት ደግ መባል ነፍሱ ነው። «ኧረ ለእህት ዘርፈሽ ልጅ! ምን ቁም ነገር አለው፣ ውሰጂ!» አለ። ገብቶ ኮምፒውተሩን ራሱ ታቅፎ አመጣው፤ ገመዱ ከኋላው መሬት ይጎተት ነበር። ያንን ሳይ ደስታዬ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። እንጸልይላታለን» አለኝ።

«እነግራታለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

ሰኞ ሱቄን ዘግቼ ሁለቱን ዲስኮች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ብሎኖቹ ኮከብ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ናቸው፤ ለእነሱ ብዬ ሀዋሳ ሳለሁ የሞረድኩት ካቻቢቴ ነበረኝ። ከእናቴ ዲስክ ላይ የተቃጠለውን ቦርድ ሳነሳ ሽታው ስምንት ዓመት እዚያው ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኖሯል። የጣዲቻን ቦርድ በቦታው ገጠምኩ። የከተማውን መብራት አላመንኩትም፤ አንዴ በልቶናል። የባጃጅ ባትሪ ተከራይቼ በእሱ አስነሳሁት።

መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ከውስጡ እንደ ንብ ያለ ድምፅ መጣ፤ ዲስኩ መዞር ጀመረ። ጮክ ብዬ «ተነሣ!» አልኩ፣ ብቻዬን።

ስለተነሳ ግን ሥራው አያልቅም። ስምንት ዓመት የተኛ ዲስክ ብዙ ቦታው ታሟል፤ አንዱን ፋይል ይሰጥሽና ሌላው ላይ ቆሞ ይንጨረጨራል። ሲግል ማጥፋት፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ እንደገና ማስነሳት ነው። የረቡዕና የሐሙስ ደብዳቤዎች ማክሰኞ ወጡ። የአርቡ ግን ስከፍተው ከላይ የእናቴ ጽሑፍ ይታያል፤ ከግርጌው፣ የእጅ ጽሑፉ ካለበት ቦታ፣ ግራጫ ብቻ ነው። እንደዚያን ቀን ተስፋ ቆርጬ አላውቅም። ያንኑ ቦታ እየደጋገመ እንዲያነብ አዘዝኩትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ረቡዕ አነበበ፣ አልቻለም። ሐሙስ ደገመ። ሐሙስ ቀትር ላይ ግራጫው ሥር መጀመሪያ አንድ መስመር፣ ከዚያ ሌላ መስመር ቀለም ብቅ አለ።

«አይቻለሁ። ጄኔሬተሩ ከሠርጉ በኋላ ይመለሳል። ጣዲቻ።»

ፊርማው ዛሬ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚፈርመው ያው ፊርማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ጅራቱን የሚያዞራት። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። እዚያው ቁጭ ብዬ ፊቱ ምን እንደሚሆን አሰብኩ፤ ከንፈሩ፣ ዓይኑ፣ እጁ። እንደዚያን ሰዓት ጣፋጭ ሰዓት በሕይወቴ የለኝም፤ አላፍርበትም።

አርብ ወደ እትዬ ፎዚያ ሱቅ ሄድኩ። ለስላሳ ትታ አሁን ጨርቃጨርቅ ትሸጣለች። «እትዬ ፎዚያ፣ የኢብሮ ነገር ነው። ነገ ጠዋት ጣዲቻ ግቢ ይምጡ» አልኳት። የያዘችውን ጨርቅ ማጠፏን ቀጠለች።

ቤት ስገባ እናቴ ዳንቴሉ የተነሳለት ባዶ የኮምፒውተር ሣጥን ፊት ቆማ ነበር። «ዲስኩን ወሰድሽው?» አለችኝ።

«ጣዲቻ ቦርዱን በዳባሬ አውሶኝ ደብዳቤውን አገኘሁት እማ! ፊርማውም አለ። ነገ ስምሽን እመልሳለሁ።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። «ሄራን፣ ተዪው። በጌታ ልለምንሽ፣ ለፎዚያ እንዳታሳዪ» አለች። እኔ መሰበሯ መሰለኝ። ሰው ሲረግጡት ከኖሩ እንዲህ ይሆናል ብዬ በጣዲቻ ላይ የባሰ ተናደድኩ።

ቅዳሜ ግራሩ ሥር ሰው ሞልቶ ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይ ተቀድቷል። ከአጥሩ ጥግ እትዬ ፎዚያ ቆማለች። የጣዲቻን ኮምፒውተር ቦርዱን ወደ ቦታው መልሼ፣ እንደሚሠራም ፈትሼ አምጥቼዋለሁ፤ ጥፋት እንዲያገኝብኝ አልፈለግሁም።

«ኦቦ ገልገሎ» አልኩ፣ «ዳባሬ በምስክር ፊት ይመለሳል አይደል?»

«ዱጋ። እውነት ነው» አሉ።

«ላሟ ይቺውና። ወተቱ ደግሞ ይኸውልዎት።» ያተምኩትን ወረቀት አጣጥፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ኦቦ ገልገሎ ወረቀቱን አገላበጡት። ማንበብ እንደማይችሉ አውቅ ነበር፤ ለማን እንደሚሰጡትም አስቤበት ነበር። «ባለ ላሙ ያንብብልን» አሉና ለጣዲቻ አቀበሉት።

ጣዲቻ መነጽሩን አጠለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ስብከት ጀመረው። «ለሥራ አስኪያጁ። ጄኔሬተሩ ከተወሰደ ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው። የማቀዝቀዣው ሙቀት መጨመር ጀምሯል። በአስቸኳይ ካልተመለሰ ለልጆቹ የመጣው የኩፍኝ ክትባት ይበላሻል። ነርስ ዘርፈሽ…» ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ዓይኑ ግርጌው ላይ ሲደርስ ቆመ። የረሳው ነገር ሲመለስበት በዓይኔ አየሁት። ለዚያች ቅጽበት ነበር ስምንት ዓመት የኖርኩት።

«አለቀ» አለ ወረቀቱን እያጠፈ።

«ከታች ያለውስ?» አለች እትዬ ፎዚያ። መቼ እንደቀረበች አላየሁም፤ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። እሷ ማንበብ ትችላለች። ፊደል እየቆጠረች፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ አነበበችው። «አይቻለሁ። ጄኔሬተሩ… ከሠርጉ በኋላ… ይመለሳል። ጣዲቻ።»

«ይሄ… ያኔ እኮ… ብዙ ወረቀት ነው በቀን የምንፈርመው…» አለ ጣዲቻ። «ደግሞ ምን ዓይነት ተንኮል ነው? እኔ እኮ ለቤተሰብ ነገር መስሎኝ ነው ያዋስኩሽ!»

«ወተቱን መጠየቅ ነውር ነው ተባለ እኮ፣ ጋሼ» አልኩት። «እናቴ ሰላም ብላዎታለች።»

ኦቦ ገልገሎ በትራቸውን አንስተው ቆሙ። ሻያቸውን አልነኩትም። በእኛ አገር ሽማግሌ ከግቢ ሲወጣ «ናጋ» ሳይል አይወጣም፤ ለጠላቱም ቢሆን ሰላም ትቶለት ይሄዳል። ኦቦ ገልገሎ ለጣዲቻ ምንም ሳይሉት ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ጣዲቻ ከባዶ ወንበሮች መሃል ብቻውን ቀረ፤ ዞሬ ዞሬ እያየሁት ወጣሁ።

እትዬ ፎዚያ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ቤታችን መንገድ ገባች። እኔም ተከተልኳት። ይቅርታ ልትጠይቃት ነው፣ አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሊላቀሱ ነው ብዬ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ዳንቴሏን ይዛ ተቀምጣለች። እትዬ ፎዚያን በሩ ላይ ስታይ ኪሮሹ ከእጇ ወደቀ።

«ዘርፈሽ» አለች እትዬ ፎዚያ። ያንን ስም ከጠራች ስምንት ዓመቷ ነው። «አነበብኩት። ጄኔሬተሩ ረቡዕ ነው የወጣው?»

«ረቡዕ ነው።»

«አርብ ሙቀቱ መጨመር ጀምሯል ብለሽ ጻፍሽ።»

«ጻፍኩ።»

«ከክሊኒኩ እስከ እኔ ሱቅ ስንት እርምጃ ነው?»

እናቴ ቀና ሳትል «መንገዱን መሻገር ነው» አለች።

«ያን ሳምንት የእኔ ፍሪጅ ምን ይሠራ ነበር?»

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። እናቴ ግን ገብቷታል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ገብቷት ኖሯል። «ለስላሳ ያቀዘቅዝ ነበር» አለች።

«በነጭ ጋዝ!» አለች እትዬ ፎዚያ። «መብራት አይፈልግ፣ ጄኔሬተር አይፈልግ። ለእሱ ሦስት ጊዜ ጻፍሽ። ለእኔ አንድ ቃል የምትናገሪበት አፍ አልነበረሽም? አንድ ቃል ብትዪኝ ጠርሙሱን ሁሉ አውጥቼ መንገድ ላይ እደፋው አልነበር?»

«ደንቡ አይፈቅድም ነበር» አለች እናቴ። ድምፁ የእሷ አይመስልም። «ክትባት ከግቢ አይወጣም፣ የግል ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ያለ ፊርማ አይቻልም። እኔ ፊርማ ስጠብቅ…»

እትዬ ፎዚያ ወረቀቱን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና በእጇ መዳፍ ደልደል አደረገችው።

«ወላሂ፣ ስምንት ዓመት በውሸት ጠላሁሽ» አለች። «ልጅሽ ዛሬ እውነቱን አመጣችልኝ። አሁን መጥላቴን በምን ልተው?»

በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

እናቴ ኪሮሹን ከመሬት አነሳች። «ላሟን መለስሽለት?» አለችኝ። «መለስኩለት» አልኳት። ተነስታ ገባች። ያንን ያማረ ዳንቴል ባዶው ሣጥን ላይ አለበሰችው፤ ጠርዙን በአራቱም በኩል እኩል እስኪሆን አስተካከለችው።

ጣዲቻን ስላዋረድኩት አልጸጸትም፤ ነገም ዕድሉን ባገኝ እደግመዋለሁ። አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ እናትሽ ደህና ናት ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። እኔም ማታ ቤት ስገባ አልጠይቃትም።